የደባልቄ ንግግር፣ የጓንጉል አፍ

በድሮ ዘመን፣ ነገር በወረቀት ሳይሆን በአፍ በሚዳኝበት ዘመን፣ ደባልቄ የሚባል ገበሬ ነበረ። ደባልቄ ታታሪ ነበር። ደባልቄ እውነተኛ ነበር። ደባልቄ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይችልም ነበር።

አይችልም ስላችሁ ዲዳ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ልጆች። ከበሬዎቹ ጋር ያወራል። ከሚስቱ ጋር ያወራል። ከአንድም ሰው ጋር፣ ከሁለትም ሰው ጋር ደህና አድርጎ ያወራል። ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ግን ድምፁ ወደ ሆዱ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ይርዳል፣ ዱላውን በየትኛው እጁ መያዝ እንዳለበት ይጠፋዋል። አንድ ጊዜ ልቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት አቅቶት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሏል። ሐዘንተኞቹ ደባልቄን ስለሚያውቁት «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ብለው አስቀመጡት።

የዚህ ሰው ጎረቤት ጓንጉል ይባላል። ጓንጉል አፍ ነበረው። ሰርግ ላይ ጓንጉል ይናገራል። ልቅሶ ላይ ጓንጉል ይናገራል። ዕርቅ ላይ ጓንጉል ይናገራል፤ የተጣሉትም ሰዎች ጓንጉል ንግግሩን እንዲጨርስ ሲሉ ይታረቃሉ። ለንግግር ተዘጋጅቶ አያውቅም። «መዘጋጀት ለሌላ ሰው ነው» ይል ነበር። «እኔ አፌን እከፍታለሁ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል።»

የሁለቱ ማሳ ይዋሰናል። ከድንበሩ አጠገብ፣ በደባልቄ በኩል፣ አንዲት ቁራጭ መሬት ነበረች። ከሥሯ ውኃ ስለሚመነጭ በበጋም አትደርቅም። ሌላው ማሳ ዝናብ አጥቶ ሲከዳ እሷ ገብስ ትሰጣለች። የደባልቄን ልጆች ከአዝመራ እስከ አዝመራ የምታደርሳቸው እሷ ነበረች።

ጓንጉል ይህችን መሬት ወደዳት። ወደዳትና በእርሻ ወቅት አንድ ትልም ገፋ። በዓመቱ ሌላ ትልም ገፋ። በሦስተኛው ዓመት የድንበሩን ድንጋይ ራሱን ነቅሎ ከመሬቷ ወዲያ፣ በደባልቄ በኩል ተከለው።

ደባልቄም በመጀመሪያው ዓመት ሊናገር አሰበ። በሁለተኛው ዓመት ሊናገር ተነሣ። በሦስተኛው ዓመት ሄዶ ተናገረ።

«ጓንጉል፣ ይህች መሬት የእኔ ናት» አለው።

ጓንጉል መለሰለት። ምን ብሎ እንደመለሰለት ደባልቄ ሊደግመው አይችልም። ብቻ ጓንጉል ተናግሮ ሲጨርስ ደባልቄ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ አትጠገብ በደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«ምን አለህ?»

«መሬቷ የእኔ ናት አለኝ።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«ደግ አደረግህ አልሁት።»

አትጠገብ የያዘችውን እንስራ አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ» አለችው። «ወደ ጭቃ ሹሙ እንሄዳለን።»

ጭቃ ሹሙ የመንደሩ አለቃ ነው። ጓንጉልን አስቀርቦ አዳመጠ፤ በጣም ተደሰተ። ደባልቄን አዳመጠ፤ ምንም አልሰማም። ያም ሆኖ ድንጋይ በራሱ እግር እንደማይሄድ ያውቃልና ነገሩ ከነከነው። «ይህ ከእኔ በላይ ነው» አለ። «ወደ ታላቁ ዳኛ ትሄዳላችሁ።»

ታላቁ ዳኛ የሚያስችሉት በአገሩ ገዥ ከተማ ነበር፤ የሦስት ቀን መንገድ ነው። እሳቸው ከፈረዱት ፍርድ ወዲያ ይግባኝ የለም። መሬቷ ለእገሌ ናት ካሉ ለእሱ ናት፤ ከእሱም በኋላ ለልጆቹ ናት፤ ከእነሱም በኋላ ለልጅ ልጆቹ ናት።

«ከገበያ ቀን ማግሥት ትነሣላችሁ» አለ ጭቃ ሹሙ። «እስከዚያው የምትናገሩትን አዘጋጁ።»

ጓንጉል ሳቀ። ደባልቄ አልሳቀም።

ደባልቄ ንግግር እንዴት እንደሚዘጋጅ ስለማያውቅ መጀመሪያ ወደ መሪጌታው ሄደ። መሪጌታው የተማሩ ሰው ናቸው።

«ንግግር መሠረት ይፈልጋል» አሉት። «ከአዳም ጀምር።»

ደባልቄ ከአዳም ጀመረ። ኖኅ ዘንድ ሲደርስ ደከመው። ወደ መሬቷ ለመድረስ ገና ብዙ ትውልድ ይቀረው ነበር።

ሁለተኛ፣ ከዘመቻ ወደ ተመለሰ አንድ አሮጌ ወታደር ሄደ።

«ንግግር ጉልበት ይፈልጋል» አለው ወታደሩ። «ምድሩን በእግርህ ምታ። ዓይንህን አፍጥጥ። ከዚያ ጩኽ። የምትለው ነገር አያሳስብህ፤ እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያልቃል።»

ደባልቄ ከተጠመዱት በሬዎቹ ፊት ቆመ። ምድሩን መታ። ዓይኑን አፈጠጠ። ጮኸ። በሬዎቹ ቀንበሩን ሰብረው ጠፉ። ሲፈልጋቸው ዋለ።

ሦስተኛ፣ ወደ ገዛ ቤቱ ገባ።

«አልቻልሁም» አላት አትጠገብን።

«ምኑን ነው ያልቻልኸው? ነገሩን አታውቀውም?»

«ነገሩንማ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራህ?»

«መናገሩ።»

«እንግዲያው እሱን ንገራቸው።»

«ምኑን?»

«መፍራትህን ነዋ! መጀመሪያ መፍራትህን ትነግራቸዋለህ። ቀጥለህ ጓንጉል አፈ ጮሌ መሆኑን ትነግራቸዋለህ። ከዚያ መሬቷን ትነግራቸዋለህ። ሦስት ነገር ነው፤ ሦስት ነገር አይጠፋህም።»

ተቀመጡና ንግግሩን ሠሩት። እሷ ትላለች፣ እሱ ይደግማል። እሱ ይላል፣ እሷ ታሳጥራለች።

«እጅግ በጣም እፈራለሁ» ይላል ደባልቄ።

«ሁለቱን ምን ያደርጉልሃል? አንዱን ጣለው።»

«በጣም እፈራለሁ።»

«እሱንም ጣለው። ምንህ እንደሚፈራ ንገራቸው።»

ደባልቄ አሰበ። «ጉልበቴ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ዱላዬንም የት እንደማኖረው ይጠፋኛል» አለ።

«ይኸው! ይህን ተናገር።»

ሲጨርሱ ንግግሩ ይህን መሰለ፦

«ጌታዬ፣ እኔ መናገር የማልችል ሰው ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይርዳል፤ ዱላዬን የት እንደማኖረው እንኳ አላውቅም። ባላጋራዬ ግን መናገር ይችላል። እሱ ሲናገር እኔ ራሴ መሬቴ የእሱ ትመስለኛለች። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ከሁለታችን አሳምሮ የተናገረውን አይመኑት። መሬቷ የአባቴ ናት። ባላጋራዬ ትልም ትልም እየገፋ መጥቶ ወሰዳት። ልጆቼ የሚበሉት ከእሷ ነበር።»

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አልነበረም።

«አሁን ተለማመደው» አለችው አትጠገብ።

«አጨዳ ደርሷል፤ ጊዜው የት አለ?» አላት ደባልቄ። «መንገዱ የሦስት ቀን ነው። ሥራ የለም፣ ሰው የለም። በመንገድ ላይ እለማመደዋለሁ።»

«መልካም አሰብህ» አለችው።

ሁለቱም አንድ ነገር ረስተው ነበር።

የዚያን ዘመን ሥርዓት እንዲህ ነበር፣ ልጆች። ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄዱ አንዱ በመንገድ እንዳይጠፋ የሁለቱን ኩታ ጫፍና ጫፍ አንድ ላይ ይቋጥሩታል። ቁራኛ ይባላል። ሲሄዱ አብረው ይሄዳሉ። ሲበሉ አብረው ይበላሉ። ሲተኙ አብረው ይተኛሉ። ቋጠሮውን በገዛ እጁ የፈታ እንደ ተረታ ይቆጠራል።

በመነሻው ጧት ጭቃ ሹሙ የሁለቱን ኩታ ይዞ ቋጠረ፤ በጉልበቱም ተጭኖ አጠበቀው። ደባልቄ ቋጠሮውን አየ። ቀጥሎ ጓንጉልን አየ። ቀጥሎ ንግግሩን አሰበ። ዞሮ አትጠገብን ሲያያት እሷም በዚያችው ሰዓት ነገሩ ገብቷት ኖሮ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ምንም ማድረግ ግን አልተቻለም። ተነሡ።

በመጀመሪያው ቀን ደባልቄ ንግግሩን በልቡ ሊወጣው ሞከረ። ድምፅ አላሰማም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አያ ደባልቄ፣ ምን ታመሰኳለህ?» አለው ጓንጉል።

«ቆሎ ነው።»

«ቆሎውን የያዝሁት እኔ አይደለሁ?»

ደባልቄ ከንፈሩን ገጠመ። በልብ ብቻ የሚጠና ንግግር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደባልቄ ንግግሩን ቢፈትሸው መሃሉ አለ፣ መጨረሻው አለ፣ መጀመሪያው የለም። እንዴት እንደሚጀምር ጠፍቶታል። ጥቂት ሲፈልግ ቆይቶ መጀመሪያውን አገኘው፤ በዚህ ጊዜ መጨረሻው ጠፋ።

በሁለተኛው ቀን ገለል ብሎ ሊናገር አሰበ።

«ዳር ልውጣ» አለ።

«እንውጣ» አለ ጓንጉል።

ሁለቱም ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ሄደው ቆሙ። ደባልቄ ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። ጓንጉል ሰማዩን እያየ ያፏጫል። ምንም ሳይናገሩ ወደ መንገዱ ተመለሱ።

ቀትር ላይ ከአንድ ሾላ ጥላ ሥር አረፉ። ጓንጉል ኩታውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አንኮራፋ። ደባልቄ ይህን ጊዜ ጠበቀና በሹክሹክታ ጀመረ፦ «ጌታዬ፣ እኔ መናገር የማልችል ሰው ነኝ...»

«ደግሞስ ማን ይችላል አለህ?» አለ ጓንጉል ከኩታው ሥር።

ተነሥቶም ተቀመጠ። «ስማኝማ ወንድሜ» አለው፤ ድምፁ እንደ ሰርግ ቀን ለስልሷል። «እንደምታውቀው እኔ መለማመድ አያስፈልገኝም። አፌን እከፍታለሁ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል። አንተ ግን ሳትለማመድ ብትቀርብ በአገር ፊት ትዋረዳለህ። ጎረቤቴ ነህ፤ ውርደትህ ለእኔም ውርደት ነው። ስለዚህ ተለማመድ። እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ።»

እንደ ቃሉም ከሥሩ ሣር ነጨ፣ ጠቀለለ፣ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ደፈነ።

ደባልቄ ሣሩን አየው። ደህና ሣር ነበር። አሁን ባይለማመድ ደግሞ ንግግሩ ጨርሶ ሊጠፋ ነው፤ ንግግሩ ከጠፋ መሬቷ ጠፋች። ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን አውጥቶ ተናገረ። ዱላው ዘንድ ሲደርስ ተደናቀፈ።

«እዚያ ላይ ትንፋሽ ውሰድ» አለ ጓንጉል።

«አትሰማም መስሎኝ።»

«አልሰማሁም። ደረትህን አይቼ ነው።»

ደባልቄ ትንፋሽ ወስዶ እንደገና ተናገረ። እውነትም ተሻለ።

«"አይመኑት" ለማለት አትቸኩል» አለ ጓንጉል። «መጀመሪያ ዝም በል። ዝም ብለህ ሰዉን እየው። ከዚያ በለው።»

«ጓንጉል፣ ሣሩ አለ?»

«አለ። ከንፈርህን አይቼ ነው።»

ደባልቄ ዝም ብሎ፣ ከዚያ ተናገረው። ይህም ተሻለ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ ተወጣው። ጨርሶ አስተያየት ሲጠብቅ ከጓንጉል ድምፅ ጠፋ። ዞር ቢል ጓንጉል በኩታው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ከአንደኛው ጆሮው ሣሩ ወድቋል።

«ምን ሆንህ?»

«አቧራ ነው» አለ ጓንጉል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደባልቄ በዚያች ሰዓት ደስ አለው። መደሰት አልነበረበትም፤ ግን ደስ አለው። ከተወለደ ጀምሮ በንግግር የሰው ልብ ነክቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ነካ። የነካውም የባላጋራውን ልብ ነው። ከዚያ ወዲያ የሣሩን ነገር አላነሣበትም።

ሦስተኛውን ቀን ሙሉ ንግግሩን ለሁለት አጠኑት። ደባልቄ ይናገራል፣ ጓንጉል ያርመዋል። ጓንጉል «እዚህ ላይ እንዲህ በል» ብሎ ራሱ ተናግሮ ያሳየዋል፣ ደባልቄ ይከተለዋል። በሶውን በአንድ ቅል በጠበጡ፣ ከአንድ ምንጭ ጠጡ፣ ወንዝ ሲሻገሩ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንድ መንገደኛ አይቷቸው «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተካሰን ነው» አለው ደባልቄ።

ከተማው ከሩቅ ሲታይ ደባልቄ አንድ ነገር ትዝ አለው። «አንተስ ግን፣ ጓንጉል፣ ምን ልትል ነው?»

«እኔ?» አለ ጓንጉል፤ አፉንም ከፈተ። የቀረውን ግን አፉ አላወቀውም። መሬቷ የእሱ ስላልነበረች ስለ እሷ የሚለው አንድም ነገር አልነበረውም። በመንደሩ ይህ ቸግሮት አያውቅም፤ ታላቁ ዳኛ ዘንድ ግን ባዶ አፍ ይዞ መቅረብ እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ ገባው። አፉን መልሶ ዘጋ።

«እዚያው እንደርስበታለን» አለ።

ታላቁ ዳኛ የሚያስችሉት ከአንድ ዋርካ ሥር ነበር። ሽማግሌ ናቸው። በዕድሜያቸው እጅግ ብዙ ንግግር ስለሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት። ይተኙ፣ አይተኙ፣ ደፍሮ የጠየቃቸው ሰው የለም።

በዋርካው ዙሪያ ሕዝብ ነበር። ከሦስት ሰው በላይ ነበር። ደባልቄ ወደ እግሩ አጎንብሶ ቆመ።

አጋፋሪው፣ ባለጉዳዮችን የሚያቀርበው ሰው፣ ሁለቱን ወደ ፊት አምጥቶ «ከሳሽ ማን ነው?» ሲል ጮኸ።

ደባልቄ «እኔ» ለማለት አፉን አዘጋጀ። ሲያዘጋጅ ጓንጉል ቀደመው።

«እኔ ነኝ!»

ቋጠሮ ከሳሹን ከተከሳሹ አይለይም። «ተናገር» አለው አጋፋሪው።

ጓንጉል ተናገረ።

«ጌታዬ፣ እኔ መናገር የማልችል ሰው ነኝ!»

ደባልቄ ቀና አለ። መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። ቀጥሎ ሳያውቀው ራሱ የተናገረ መሰለው። ቀጥሎ ገባው፤ ሲገባው ግን ጓንጉል ጉልበቱ ዘንድ ደርሶ ነበር።

«ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይርዳል!» አለ ጓንጉል፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ። ትንፋሽ ከሚወሰድበት ቦታ ትንፋሽ ወሰደ። «ዱላዬን የት እንደማኖረው እንኳ አላውቅም!» አለ፤ ዱላውንም በአየር ላይ አሽከርክሮ ከእግሩ ፊት ተከለው። ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ።

መሃለኛውን ክፍል፣ ስለ ባላጋራው አፍ የሚለውን፣ ሊዘልለው አስቦ ነበር ይባላል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ከሕዝቡ መካከል አንዲት አሮጊት ሲንሰቀሰቁ ሰማ። ጓንጉል ደግሞ የሚያለቅስ ሰው አግኝቶ የሚያቆም ሰው አልነበረም።

«ባላጋራዬ ግን መናገር ይችላል!» አለ። «እሱ ሲናገር እኔ ራሴ መሬቴ የእሱ ትመስለኛለች!»

አሮጊቷ አለቀሱ። ከጎናቸው የቆሙት አለቀሱ። ደባልቄ ራሱ አለቀሰ፤ በመንገድ ላይ ከተለማመዱት ሁሉ ይኼኛው ያምር ነበር።

«ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ ከሁለታችን አሳምሮ የተናገረውን...» ጓንጉል ዝም አለ። ዝም ብሎ ሰዉን አየ። «...አይመኑት!»

መሬቷ የአባቱ እንደሆነች ተናገረ። ትልሙን ተናገረ። ልጆቹን ተናገረ። ጨርሶ እጅ ነሣ። ከዋርካው ላይ የወፎች ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ተከሳሽ፣ መልስህን ስጥ» አለ አጋፋሪው።

ደባልቄ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ንግግሩን ፈለገው። ንግግሩ አልነበረም፤ ተነግሮ አልቋል። ያንኑ መልሶ ቢናገር የሰው ንግግር ሰረቀ ይባላል። ሌላ ደግሞ አላዘጋጀም። ጉልበቱ መራድ ጀመረ። ዱላው ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ሄደ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ከዚያ ወደቀ።

«ጌታዬ» አለ።

ሕዝቡ ጠበቀ።

«ጌታዬ» አለ እንደገና። ልጆቹ ታዩት። በበጋ ለምለም ሆና የምትቆመው ቁራጭ መሬት ታየችው። ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ ቃል ፈለገ፤ ያገኘው ግን ያው የመጀመሪያው ነበር። «ጌታዬ...»

ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ «እሱ እንዳለው ነው» አለና ቆመ።

ሕዝቡ «አዬ!» አለ። ጓንጉል ፈገግታውን በኩታው ሸፈነ። ታላቁ ዳኛ ዓይናቸውን ገለጡ። ለካ ነቅተው ነበር።

ደባልቄን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«መናገር የማልችል ሰው ነኝ ነው ያልኸው?»

«አዎን ጌታዬ!» አለ ጓንጉል። «ምላሴ እንደ ታሰረች ጥጃ ናት፤ ቃል ወዳለበት ልትሮጥ ትነሣለች፣ ገመዱ ግን መልሶ ያስቀራታል!»

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ።

«ሰው ፊት ስትቆምም ጉልበትህ ይርዳል።»

«እንደ ሸምበቆ ጌታዬ! ነፋስ በሌለበት፣ በሰው እስትንፋስ ብቻ እንደሚወዛወዝ ሸምበቆ!»

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ።

«ባላጋራህ ግን አሳምሮ ይናገራል።»

ጓንጉል ለዚህም መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከፍቶም ወደ ደባልቄ ዞረ። ደባልቄ ከወደቀው ዱላ አጠገብ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጓንጉል ሲናገር የዋለውን ንግግር ምን እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጊዜ ሰማው።

«ንገረኝ እንጂ» አሉት ዳኛው። «ባላጋራህ አሳምሮ ይናገራል?»

«አልፎ አልፎ፣ ጌታዬ» አለ ጓንጉል።

ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

«ከሁለታችን አሳምሮ የተናገረውን አይመኑት ብለህ ለምነኸኛል» አሉት። «እኔ እንዲህ ባለ ቃል ተለምኜ አላውቅም። ልመናህን ተቀብያለሁ። አሳምሮ የተናገረውን አላምነውም። መሬቷ መናገር ላቃተው ትሰጠው።»

«የለም!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል። «ጌታዬ የለም! ይህ እኮ የእኔ ንግግር አይደለም!»

«የማን ነው?»

«የእሱ ነው! በመንገድ ላይ ሲለማመድ ሰምቼ ነው! መናገር የማይችለው እሱ ነው፤ እኔማ እችላለሁ፣ አገር ያውቀኛል!»

«ትልም ትልም እየተገፋች የተወሰደችውስ መሬት?»

«የእሱ ናት!» አለ ጓንጉል። አፉ ቀድሞት ነበር።

ከዚያ አፉን በሁለት እጁ ያዘው። በገዛ ፈቃዱ ዝም ያለው በዚያ ቀን ብቻ ነው ይላሉ።

«አሁን የራስህን ተናገርህ» አሉት ዳኛው፤ ፍርዱንም ሰጡ። ጓንጉል ድንጋዩን በገዛ እጁ ነቅሎ ወደ ቦታው እንዲመልስ። ለበደሉ ለችሎቱ አንድ ጋን ማር እንዲያስገባ። በአገሩም ሦስት ገበያ ቆሞ ያደረገውን ሁሉ በገዛ አፉ ለሕዝብ እንዲናገር።

ቋጠሮው ተፈታ። ዳኛው ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ሲሉ ወደ ደባልቄ ዞሩ።

«አንተስ፣ የምትለው አለህ?»

ደባልቄ አሰበ። «ዱላዬን ላንሣ?» አለ።

«አንሣ» አሉት።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚያስራቸው ቋጠሮ አልነበረም። ደባልቄ ፊት ፊት ሄደ። ጓንጉል ርቆ ተከተለው። በሶው ግን ያለው በደባልቄ ዘንድ፣ ቅሉ በጓንጉል ዘንድ ስለነበር በየምንጩ ይገናኙ ነበር።

አትጠገብ ከሩቅ አይታው ሮጣ መጣች።

«ተናገርህ?»

«ተነገረ» አላት ደባልቄ።

«አልተደናቀፍህም?»

«አንድም ቦታ።»

«"አይመኑት" ከማለትህ በፊትስ አልቸኮልህም? እኔ እኮ ልነግርህ ረስቼ እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትሁ።»

«ዝም ተብሎ ነው የተባለው።»

«ሰዉስ?»

«አለቀሰ።»

«እውነትህን ነው? ብዙ ሰው?»

«እኔም አልቀረሁም።»

«መሬቷስ?»

«የእኛ ናት።»

አትጠገብ እልል አለች። ደባልቄ የቀረውን ሊነግራት አፉን አዘጋጀ፤ እልልታው ሲበዛ ጊዜ ለሌላ ቀን አሳደረው።

ያ ሌላ ቀን የገበያ ቀን ሆነ። ጓንጉል ከገበያው መካከል ቆሞ ተናገረ፦ «እኔ ጓንጉል የጎረቤቴን መሬት ትልም ትልም እየገፋሁ ወሰድሁ። ድንጋዩን ነቀልሁ። በዳኛ ፊትም የገዛ ንግግሩን ሰርቄ ተናገርሁበት።» በመጀመሪያው ገበያ በቁጣ ተናገረው። በሁለተኛው ገበያ በሐዘን ተናገረው። በሦስተኛው ገበያ ሊሰማው ከሌላ ወረዳ ሳይቀር ሰው መጣ፤ ሲጨርስ «ድገመው» አሉት፣ ደገመው። ቅጣት ይሁን ሹመት አልተለየም።

ነገሩን በመጀመሪያው ገበያ የሰማችው አትጠገብ ወደ ባሏ ዞረች።

«ንግግራችንን የተናገረው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«እሱ እንዳለው ነው አልሁ።»

አትጠገብ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች። በገበያው መካከል የጓንጉል ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማል።

«እዚያም እንዲህ አሳምሮ ነው የተናገረው?» አለችው።

«የለም» አላት ደባልቄ። «እዚያ ይበልጥ ያምር ነበር። እዚያ የአንቺን ነው የተናገረው።»

እንግዲህ ልጆች፣ የሰው ንግግር የሚወስድ ሰው ቢኖር፣ ከመናገሩ በፊት ምን እንደሚል አንድ ጊዜ ይስማው። የራሱን የሚያዘጋጅ ደግሞ ከቤቱ ሳይወጣ ይለማመድ። እኔ የምለው ይህን ነው፤ እናንተም ወደየቤታችሁ ግቡ።